ከመሳቢያ የማይወጣው ሪፖርት፦ ስለ ፕሮግራም ግምገማ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሰባቱን መርጠናል። ጸሐፊዎቹ የወረዳ ኃላፊዎች፣ የፕሮጀክት ሠራተኞችና የማኅበር አመራሮች ሲሆኑ ሁሉም የሚጠይቁት ገንዘብና ጊዜ የፈሰሰበት ግምገማ ውሳኔ ለሚሰጠው ሰው እንዴት ሊጠቅም እንደሚችል ነው። የጠያቂዎቹን ስምና መሥሪያ ቤት አላወጣንም፤ የረዘሙትን ደብዳቤዎችም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ምክትል ኃላፊ ነኝ። ባለፉት ዓመታት አራት ፕሮጀክቶች ተጠናቅቀው ለእያንዳንዳቸው የማጠቃለያ ግምገማ ተሠርቷል። አራቱም ሪፖርቶች መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ትንሹ 90 ገጽ ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። እውነቱን ለመናገር በአንዱም ምክንያት የለወጥኩት ነገር የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የሪፖርቱ? (ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ ጥፋቱ የሚጀምረው ከሪፖርቱ በፊት፣ ቢጋሩ ማለትም አማካሪው የሚሠራውን የሚዘረዝረው ሰነድ ላይ ነው። አብዛኛው ቢጋር «የፕሮጀክቱን ውጤታማነትና ዘላቂነት መገምገም» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ማን፣ ምን፣ መቼ ሊወስን እንዳሰበ አንድ መስመር የለበትም። አማካሪው ለማን እንደሚጽፍ ስላልተነገረው ለሁሉም ይጽፋል፤ እርስዎም የሚፈልጓትን አንዲት አንቀጽ ከ90 ገጽ ውስጥ ፈልገው ያጧታል።

ቀጣዩ ግምገማ ሲመጣ ቢጋሩ ሳይረቀቅ አንድ ገጽ ወረቀት ያውጡ። የሚወሰነው ጉዳይ ምንድን ነው፣ ማን ይወስናል፣ በየትኛው ቀን፣ በእጅ ያሉት አማራጮች ምን ምን ናቸው፣ ምን ብንሰማ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዞራለን የሚሉትን ይጻፉበት። ከራስዎ ዘርፍ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በፕሮጀክት ገንዘብ ሲንቀሳቀስ የቆየ፣ መውለጃቸው የደረሰ እናቶች ጤና ጣቢያው አጠገብ የሚሰነብቱበት የእናቶች ማቆያ አለ እንበል። ፕሮጀክቱ ሲወጣ የእህሉ፣ የማገዶውና የጥበቃው ወጪ ወረዳው ላይ ይወድቃል። ካቢኔው ፊት የሚቀርበው ምርጫ ማቆያውን ማስቀጠል ወይም ያንኑ ገንዘብ ለአምቡላንስ ነዳጅና ጎማ ማዋል ነው። ስለዚህ ግምገማው ሊመልስ የሚገባው ጥያቄ «ማቆያው ውጤታማ ነው ወይ?» አይደለም፤ «ባለፉት ስድስት ወራት ቤታቸው የወለዱ እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ ያልመጡት ለምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ከዚያ መረጃ ሳይሰበሰብ ግኝቱን ባዶ ቦታ ትተው ይጻፉት፦ «ቤታቸው ከወለዱት እናቶች መካከል ___ ከመቶው ምጡ ድንገት መጥቶባቸው መኪና አጥተው ነው፤ ___ ከመቶው ማቆያውን ቢያውቁትም ልጆቻቸውን የሚጠብቅላቸው ስላጡ ነው።» ይህን ይዘው ወደ ወሳኙ ሰው ይሂዱ። «የመጀመሪያው ቁጥር 20 ቢሆን ምን ያደርጋሉ? 70 ቢሆንስ?» ብለው ይጠይቁ። ለሁለቱም መልሱ አንድ ከሆነ ያ ጥያቄ ከመጠይቁ ይሰረዝ። ለማንኛውም መልስ የማይናወጥ ውሳኔ ግምገማ አያስፈልገውም። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ መጠይቁን ግን እንደ መቀስ ያሳጥረዋል።

ቀኑንም ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠሩ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳው ዕቅድ መልክ የሚይዘው ግን ቀደም ብሎ በሚያዝያና በግንቦት ነው። ግኝቱ ለዚህ እንዲደርስ መጋቢት መጨረሻ ላይ እጅዎ መግባት አለበት። ለትንተናና ግኝቱን ለባለድርሻዎች አቅርቦ ለማረም አራት ሳምንት፣ ለመስክ ሥራው ሁለት ሳምንት፣ መረጃ ሰብሳቢዎችን ለማሠልጠንና መጠይቁን አንድ ቀን ሜዳ ላይ ለመሞከር አንድ ሳምንት፣ መጠይቁን ለማዘጋጀትና ለመተርጎም ሁለት ሳምንት፣ ለጨረታ፣ ለውልና ለትብብር ደብዳቤ ስድስት ሳምንት ይያዙ። ድምሩ 15 ሳምንት ነው። ስለዚህ ቢጋሩ በታኅሣሥ አጋማሽ መጽደቅ አለበት፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የሚያስፈልገው ከሆነ ኅዳር ላይ። ነሐሴ ላይ የሚደርስ ሪፖርት፣ ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው፣ በጀቱ ከጸደቀ በኋላ የመጣ እንግዳ ነው።

የአቀራረቡ ነገር ቀላሉ ነው። በውሉ ላይ አንድ ገጽ ዋና መልእክት፣ ሦስት ገጽ ማጠቃለያና ከ25 ገጽ ያልበለጠ ሪፖርት ብለው ያስገቡ። አንድ ገጹና ሦስት ገጹ በወረዳው የሥራ ቋንቋ ይጻፉ። የቀረው ሁሉ አባሪ ይሁን። የመጨረሻው ክፍያም ግኝቱ ካቢኔው ፊት በቃል ከቀረበ በኋላ እንዲለቀቅ ያድርጉ። ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ ከሌለች አማካሪው ሪፖርቱን በኢሜይል ልኮ ይሰወራል።

ጥያቄ፦ አማካሪያችን ስድስቱም የግምገማ መስፈርቶች ካልተካተቱ ሥራው ደረጃውን የጠበቀ አይሆንም ይለናል። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይደለም። ተገቢነት፣ ውጤታማነት፣ ብቃት፣ ፋይዳና ዘላቂነት የሚሉትን አምስት መስፈርቶች የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት የልማት ርዳታ ኮሚቴ ያወጣቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በ2019 ሲከለሱ ስድስተኛው፣ ማለትም ከሌሎች ሥራዎች ጋር መጣጣም፣ ተጨመረ። በዚያው ክለሳ ላይ መስፈርቶቹ በማስተዋል እንጂ በዘልማድ አንድ በአንድ እንዳይሞሉ በግልጽ ተጽፏል። ውሳኔዎ የሚጠይቀውን ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይምረጡ፤ የተቀሩት ለምን እንደተተዉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። የሁለት ዓመት ፕሮጀክት ባለቀ በወሩ «ፋይዳ»ውን፣ ማለትም የረጅም ጊዜ ለውጡን ለመለካት መሞከር ችግኝ በተከሉ ማግስት ጥላ መፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ነኝ። ለማጠቃለያ ጥናታችን 1,200 አባወራ አቅደን ነበር፤ በጀቱ ተቆርጦ 400 ብቻ የሚችል ሆነ። ኃላፊዬ «384 ይበቃል ተብሎ የለም እንዴ?» ይሉኛል። ይበቃል? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ 384 የሚባለው ቁጥር እንደ ታቦት ቢከበርም የመጣው ከአንድ ቀላል ስሌት ነው፦ 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.25 ተባዝቶ፣ ለ0.0025 ሲካፈል። ትርጉሙም «አንድን መቶኛ በአንድ ጊዜ፣ በፍጹም ዕጣ ከመላው ሕዝብ በተመረጡ ሰዎች፣ በ5 ነጥብ ወደላይና ወደታች ለመገመት» ነው። እናንተ ግን በፍጹም ዕጣ አትመርጡም፤ ቀበሌ ትመርጡና ከቀበሌው ውስጥ አባወራ ትወስዳላችሁ። ጎረቤታሞች ደግሞ ይመሳሰላሉ። አንድ ዓይነት ምንጭ ይጠጣሉ፣ አንድ ጤና ኬላ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከአንድ ቀበሌ የተጠየቀው ሃያኛው ሰው የሚጨምርልህ አዲስ ነገር ጥቂት ነው።

ምን ያህል እንደሚያጎድል ማስላት ይቻላል። ከአንድ ቀበሌ ከሚወሰደው ቁጥር ላይ አንድ ቀንስ፣ በመመሳሰሉ መጠን አባዛ፣ አንድ ጨምርበት። የመመሳሰሉ መጠን 0.05 ነው ብለን እንያዝ። ከ20 ቀበሌ ሃያ ሃያ ሰው ብትወስድ ውጤቱ 1.95 ነው፤ 400 ለዚህ ሲካፈል 400 ሰው የሚመዝነው እንደ 205 ሰው ብቻ ይሆናል። ከ40 ቀበሌ አሥር አሥር ብትወስድ 1.45 ነው፤ ያው 400 ሰው እንደ 276 ይመዝናል። የሰው ብዛት ሳይጨምር ትክክለኛነቱ ጨመረ። ጭማሪው ወጪ የመኪና ነዳጅና የአበል ቀን ነው፤ ስለዚህ በጀት ሲያጥር ሰው ከመቀነስህ በፊት በየቀበሌው የሚጠየቀውን ቁጥር አሳንሰህ ቀበሌ ማብዛት ያዋጣ እንደሆነ አስላ።

ዋናው ጉዳይ ግን ለውጥ ልትለካ መሆንህ ነው። ከ40 ወደ 50 ከመቶ ያደገ አመልካችን ለመያዝ በመነሻውም በማጠቃለያውም በየዙሩ 385 ያህል ሰው ያስፈልጋል። የጎረቤት መመሳሰሉን ለማካካስ በ1.45 ስታባዛው 560 ገደማ ይሆናል። 400 አይደርስበትም። ከ40 ወደ 55 የሚሆን ለውጥ ከጠበቅህ ግን መመሳሰሉ ተቆጥሮም 250 ገደማ ይበቃል፣ 400ህ ይተርፋል። ከ40 ወደ 45 ከሆነ መመሳሰሉ ሳይቆጠር እንኳ ከ1,500 በላይ ይጠይቃል፤ የምትፈልገው ልዩነት በግማሽ ሲያንስ ናሙናው አራት እጥፍ ያድጋልና። ስለዚህ ለኃላፊህ «ይበቃል» ወይም «አይበቃም» አትበል፤ «ከ12 ነጥብ ገደማ በታች የሆነ ለውጥ ይህ ጥናት አጥርቶ አያየውም፤ ያን ያህል ለውጥ እንጠብቃለን?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ «አይ» ከሆነ ጥናቱን መተው ብሩን ከመጣል ይሻላል።

ኃላፊህ ማወቅ የሚፈልጉት «የትኛው ቀበሌ ወደኋላ ቀረ?» የሚለውን ብቻ ከሆነ ደግሞ ርካሽ መንገድ አለ። ከየክትትል አካባቢው፣ ለምሳሌ ከየቀበሌው፣ 19 ሰው በዕጣ ምረጥ። ግቡ 80 ከመቶ ከሆነ ከ19ኙ 13ና ከዚያ በላይ «አዎ» ካሉ አካባቢው ደርሷል በል፤ 12ና በታች ከሆኑ ድጋፍ ይፈልጋል። 80 ከመቶ የደረሰን አካባቢ በስሕተት የመጣል ዕድልህ ከ10 ከመቶ በታች ነው፤ 50 ከመቶ ላይ ያለውን በስሕተት የማሳለፍ ዕድልህም እንደዚያው። በመካከል ያሉት ግን ደብዛዛ ናቸው፤ ለነሱ በዚህ ዘዴ አትማል። አምስት አካባቢ ቢኖርህ 95 ሰው ይሆናል፤ በየአካባቢው ሕዝብ ብዛት መዝነህ ስትደምረው ለጠቅላላው በ10 ነጥብ ወደላይና ወደታች የሚገመት ቁጥር ይሰጥሃል። ዘዴው መጀመሪያ የመጣው ከፋብሪካ ምርት ቁጥጥር ነው፤ አንድ ተቆጣጣሪ በእግሩ ዞሮ ሊጨርሰው ስለሚችል ጤና ሠራተኞች ወደዱት።

ጥያቄ፦ የሥነ ምግብ ፕሮጀክታችን መነሻ ጥናት የተሠራው በጥር፣ ማጠቃለያው በመጋቢት ነው። የእናቶች የምግብ ስብጥር ወርዶ ተገኘ። ለጋሹ «ፕሮጀክቱ ከሽፏል» ወደ ማለት እያዘነበለ ነው። ሠራተኞቹ ግን ለውጡን በዓይናችን አይተናል ይላሉ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መጋቢት ላይ ዐቢይ ጾም ነበራ! የእናቶች የምግብ ስብጥር የሚለካው ባለፉት 24 ሰዓታት ከ10 የምግብ ምድቦች ስንቱን በልታለች ተብሎ ነው፤ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ አልፋለች። ከአሥሩ መካከል ወተትና የወተት ውጤት አንድ ምድብ፣ ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ አንድ ምድብ፣ እንቁላል አንድ ምድብ ነው። በኦርቶዶክስ አካባቢ በ55ቱ የጾም ቀናት ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ። ከአሥሩ ሰባት ብቻ ይቀራል። ጥር ደግሞ እህል የገባበት፣ የገናና የጥምቀት ድግስ ያለፈበት የጥጋብ ወር ነው። ያነጻጸራችሁት ፕሮጀክቱን አይደለም፣ ሁለት ወቅቶችን ነው።

ሕፃናት ባይጾሙም ከዚህ አያመልጡም። እናት ለራሷ የማትቀምሰውን ለልጇ ብቻ መሥራት ይከብዳታል፤ የቤቱ ዕቃ እንዳይነካካ የምትጠነቀቅም አለች። ስለዚህ የልጁ ሰሐንም ይሳሳል።

አሁን ማዳን የሚቻለውን እናድን። ፕሮጀክቱ ባልገባባቸው ማነጻጸሪያ ቀበሌዎች በሁለቱም ወራት መረጃ ተሰብስቦ ከሆነ የእናንተን መውረድ ከእነሱ መውረድ ጋር አስተያዩት፤ እነሱ 20 ነጥብ ወርደው እናንተ 8 ከወረዳችሁ ታሪኩ ይገለበጣል። ማነጻጸሪያ ከሌለ በጾም የማይለወጡትን ምድቦች ብቻ ለይታችሁ አወዳድሩ፦ አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል፣ ጥራጥሬ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ፍራፍሬና አትክልት፣ ለውዝና የቅባት እህል። ፕሮጀክቱ የጓሮ አትክልት ሲያስተምር ከነበረ ምልክቱ የሚታየው እዚያ ነው። ይህን ስታደርጉ ግን «ዋናው አመልካች በጾም ምክንያት አይነጻጸርም» የሚለውን ሪፖርቱ ፊት ገጽ ላይ ጻፉት፤ ጥሩ የመሰለውን ቁጥር ብቻ መርጦ ማሳየት ሌላ ጥፋት ነው።

ለወደፊቱ መነሻውና ማጠቃለያው በአንድ ወቅት ይሁን፤ ወሩ ብቻ ሳይሆን ጾሙም ይመሳሰል። ትንሣኤ በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀስ «የዛሬ ሦስት ዓመት በመጋቢት ሠርተናል» ማለት አይበቃም። ረመዳንም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደፊት ይቀድማል። በመጠይቁ ላይ «ትናንት ጾመው ነበር?» የሚል አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ረቡዕና ዓርብ ስለሚጾሙ ስለ ትናንት የሚጠይቅ መጠይቅ ሐሙስና ቅዳሜ አይሠራ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ ለዚህ ዓይነቱ ጥናት ምቹ ናቸው።

የልጆችን ዕድሜም ፈትሹ። ጥር 1 ቀን 2015 የተወለደ ልጅ በመረጃ ሰብሳቢው ስልክ ላይ 01/05/2015 ተብሎ ይሞላል። ማሽኑ ይህን እንደ ፈረንጅ ሜይ 1, 2015 ያነበዋል፤ ልጁ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ያረጃል። ይህ ስሕተት ትልቅ ስለሆነ ይታያል። አደገኛው ሌላው ነው፦ መረጃ ሰብሳቢው ዓመቱን ብቻ ወደ 2023 ቀይሮ ወሩን 5 ብሎ ሲተወው። ትክክለኛው ጃንዋሪ 9, 2023 ነበር፤ ልጁ አራት ወር ያህል ያንሳል፣ ቁመቱም ለዕድሜው ጥሩ መስሎ ይታያል፣ መቀንጨር የቀነሰ ይመስላል። መድኃኒቱ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ሳጥኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላትና መለወጡን ለማሽኑ መተው ነው። የወሩ ሳጥን 13 ምርጫ ይኑረው፤ ጳጉሜን የሚረሳ ቅጽ ብዙ አለ።

ጥያቄ፦ የግምገማ ቡድን ሊመጣ ነው ስንል የቀበሌ አመራሮች «ጥሩ ጥሩ ቤት» መርጠው ያዘጋጃሉ፣ የራሳችን ሠራተኞችም ችግሩን አይናገሩም። እንዴት እንስበረው? (ከደሴ)

መልስ፦ ቃሉ ራሱ ያስፈራል። በመሥሪያ ቤቶቻችን «ግምገማ ተቀመጥን» ሲባል ሂስና ግለ ሂስ፣ ማን ተነሣ ማን ወደቀ ማለት ሆኖ ኖሯል። በዚህ ስሜት የመጣ ሰው ራሱን ከመከላከል ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? ስለዚህ በደብዳቤያችሁ ላይ «የፕሮግራም ጥናት» ወይም «ምዘና» በሉት፤ ከሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ሙሌት ወር ጋር እንዳይገጣጠም አድርጉ፤ ግኝቱ ለግለሰብ ውጤት እንደማይውል ኃላፊው በጽሑፍ ያሳውቅ። ጽፎ ሲያበቃ በግኝቱ አንድ ሰው ከቀጣ ግን ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት እውነት አትሰሙም።

ቤቶቹን በተመለከተ ዝርዝሩን ከአመራሩ አትጠይቁ። ጤና ኬላው ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምታስቀምጠው የቤተሰብ ማኅደር አለ። ቀበሌው 640 ቤተሰብ ካለውና 20 ከፈለጋችሁ 640ን ለ20 አካፍሉ፤ 32 ይመጣል። ከ1 እስከ 32 አንድ ቁጥር በዕጣ አውጡ፣ 11 ወጣ እንበል፤ 11ኛውን፣ 43ኛውን፣ 75ኛውን እያላችሁ ሂዱ። ዝርዝሩ የሚወጣው በጠዋት፣ ቡድኑ ቀበሌው ከደረሰ በኋላ ይሁን። መንገድ መሪው ቤቱን አሳይቶ ይመለስ፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ከቆመ መልሱ ለእሱ የሚሰጥ ነው የሚሆነው። ሰው ከቤት ከጠፋ ሁለት ጊዜ ተመለሱ እንጂ ጎረቤቱን አትተኩ፤ ቤት የማይገኙት በቀን ሥራ የሚውሉት ድሆቹ ናቸውና። የገበያ ቀንን ሽሹ። በእርሻ ወቅት ገበሬው ከቤት የሚገኘው እንደ 12ኛውና 21ኛው ባሉ የወሩ በዓላት ነው።

ለሠራተኞቹ ደግሞ ጥያቄውን አዙሩት። «ችግሩ ምን ነበር?» ሲባሉ ዝም የሚሉ ሰዎች «ይህን ሥራ አጎራባች ወረዳ ሊጀምር ነው፤ ምን እንዲጠነቀቁ ትመክሯቸዋላችሁ?» ሲባሉ ማስታወሻ ደብተር እስኪሞላ ያወራሉ።

ጥያቄ፦ እኛ በአሜሪካ የምንኖር የአንድ አካባቢ ተወላጆች ማኅበር ነን። ገንዘብ አዋጥተን በየገጠሩ የእጅ ፓምፕ የተገጠመላቸው ጉድጓዶች አስቆፍረናል። አሁን ተጨማሪ ይቆፈር ወይስ ሌላ ሥራ እንሥራ የሚል ክርክር ገጥሞናል። ትልቅ ጥናት የምናሠራበት አቅም የለንም። (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ትልቅ ጥናት አያስፈልጋችሁም። የተቅማጥ በሽታ ቀንሷል ወይ የሚለውን ለመለካት አትሞክሩ፤ ከአቅማችሁ በላይ ነው። የእናንተ ውሳኔ የሚያርፈው ፓምፖቹ ዛሬ ይሠራሉ ወይ በሚለው ላይ ነው። በአካባቢው የሚኖር፣ ከግንባታው ጋር ግንኙነት ያልነበረው ሰው ቅጠሩ፤ ውኃ በሚሳሳበት የበጋ መጨረሻ እያንዳንዱን ፓምፕ ይዙር። ናሙና አይውሰድ፣ ሁሉንም ይይ።

ይዞ የሚሄደው ባለ 20 ሊትር ጄሪካንና ስልክ ነው። ውኃው አንዴ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ጄሪካኑ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ በስልኩ ሰዓት ይያዝ። ስፊር የሚባለው የሰብአዊ ርዳታ መለኪያ አንድ የእጅ ፓምፕ በደቂቃ 17 ሊትር ሲሰጥ ለ500 ሰው ይበቃል ይላል፤ ይህ ማለት ጄሪካኑ በ70 ሰከንድ ገደማ ይሞላል። ሁለት ደቂቃ ካለፈ ወይ የውስጥ ጎማው አልቋል ወይ የጉድጓዱ ውኃ ወርዷል። አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ዓይነት ከሆነ ቶሎ የምታልቀው የፒስተኗ ጎማ ናት፤ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ግን መለዋወጫ ባለመገኘቷ ብቻ ፓምፑ ለወራት ይቆማል።

ከዚያ የተሰለፉትን ሴቶች ይጠይቅ፦ ባለፈው አንድ ወር ስንት ቀን ተበላሽቶ ዋለ? ሲበላሽ ማን ጠገነው፣ ከስንት ቀን በኋላ? ዛሬ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ተሰለፋችሁ? ሰዓት ሲጠይቅ በእኛ ሰዓት ይጻፍ፤ «ከ12 እስከ 2» የሚለውን ሜሪላንድ ላይ እንደ እኩለ ቀን እንዳታነቡት። በመጨረሻም የውኃ ኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ደብተሩን ያውጣ። «ኮሚቴ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፣ ሁሉም አለ ይላል። የመጨረሻው መዋጮ የተጻፈበት ቀንና በእጅ ያለው ብር ፎቶ ይነሣ።

ፓምፖቹ ቆመው ደብተሩ ባዶ ከሆነ አዲስ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ገንዘብ መጀመሪያ ለመለዋወጫና ለሁለት የሠፈር ጠጋኞች ሥልጠና ይሂድ። እየሠሩ ወረፋው ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ያን ጊዜ ተጨማሪ ጉድጓድ ይገባል። ይህንንም ሰውየው ሳይሄድ ቦርዳችሁ ተስማምቶበት በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ሁሉም ለራሱ ሐሳብ የሚመች ቁጥር አያጣም።

ጥያቄ፦ ግምገማው ፕሮግራማችን አማካይ ውጤት እንደሌለው አሳየ። ለቦርድና ለለጋሽ እንዴት እናቅርበው? ወይስ እንተወው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መተው አይቻልም፤ ግን «ውጤት የለም» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት፦ ሐሳቡ ነው ያልሠራው ወይስ ሥራው ነው ያልተሠራው? በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሲነሣ በማኅበረሰብ ሥራ የሚሳተፍ ቤተሰብ በአንድ ሰው በወር አምስት ቀን፣ በቀን 6 ብር ሂሳብ እንዲያገኝ ነበር የታቀደው። በ1998 ክረምት በተሰበሰበው መረጃ ላይ የሠሩት የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች አማካይ ውጤቱን አነስተኛ ሆኖ አገኙት። እዚያ ቢያቆሙ ኖሮ ፕሮግራሙ አይረባም የሚባል ነበር። ግን ማን ምን ያህል እንደደረሰው ጠይቀው ነበርና ብዙው ሰው ከታቀደለት በታች እንደተቀበለ፣ ከታቀደው ቢያንስ ግማሹ የደረሳቸው ግን በምግብ ዋስትናቸው እንደተሻሻሉ ለየ። እንዲህ ያለ ግኝት ለወሳኙ የሚለው «ዝጋው» አይደለም፤ «ክፍያውን በልኩና በወቅቱ አድርስ» ነው።

እናንተም መረጃችሁን በዚህ መልክ ክፈሉት። ሥልጠናውን ሙሉ በሙሉ የወሰዱትን፣ በግማሽ የወሰዱትንና ስማቸው ብቻ የተመዘገበውን ለዩ። ጥንቃቄ ግን፦ ሥልጠናውን የጨረሱት ከመጀመሪያውም ትጉዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ በመነሻው ጥናት ላይ ከሌሎቹ ይበልጡ እንደነበር አይታችሁ ተናገሩ። ሙሉ በሙሉ የደረሳቸውም ካልተለወጡ ሐሳቡ ነው የወደቀው፤ ለዚያ ማስተካከያ ፍለጋ አትድከሙ።

ጥሩ ዜናም ቢሆን የሚያድነው በወቅቱና በሚታመን መንገድ ከመጣ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሮግሬሳ የሚባለውን የድሆች ድጎማ ስትጀምር 506 መንደሮችን ለጥናት ወስዳ በዕጣ 320ዎቹን አስቀድማ አስገባች፣ 186ቱን ለጊዜው አቆየች። በ2000 ምርጫ ገዥው ፓርቲ ተሸንፎ ሌላ መንግሥት ሲመጣ ፕሮግራሙ በስም ተለውጦ ቀጠለ፣ ወደ ከተሞችም ሰፋ። አዲሱ መንግሥት ያገኘው የቀድሞውን ውዳሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሰረዙ ይቀለው ነበር።

ለቦርዱ ስታቀርቡ ግኝቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በስብሰባው ላይ አይሰማ። ሰብሳቢውና የፕሮግራሙ ኃላፊ ከሳምንት በፊት ለብቻቸው ይስሙት፤ ሰው ፊት የደነገጠ ኃላፊ ቁጥሩን ሲያጣጥል ይውላል። ምክረ ሐሳቦቹ ከአምስት አይብለጡ። «አቅም ይገንባ»፣ «ቅንጅት ይጠናከር» የሚል ካለ ለአማካሪው ይመለስ፤ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ በስንት ብር የሚለው እስኪሞላ ድረስ አትቀበሉት። ከዚያ ባለ አራት ዓምድ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ምክረ ሐሳቡ፣ ተቀብለነዋል ወይም አልተቀበልነውም ከነምክንያቱ፣ ኃላፊነቱን የሚወስደው የሥራ መደብ፣ የመጨረሻ ቀኑ። «አልተቀበልነውም» ማለት ነውር አይደለም። ሠንጠረዡ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር የቦርዱ መደበኛ አጀንዳ ላይ ይግባ፤ አጀንዳውን የሚይዘው ጸሐፊውን ዛሬውኑ ንገሩት።